በኬላው ገመድ ሥር ስለቀረው የለቅሶ እህል

ለተከበሩ የኬላችን ኃላፊ ጓድ፣

የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ጠባቂዎችዎም የሚያግዱት ሳያጡ፣ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሀና ማርያም ባሻገር፣ ከገመድዎ ውጭ ባለችው ትንሿ ከተማ፣ በማክሰኞ ገበያ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ የሆንኩት ወጋየሁ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ፤ በሩ ከተዘጋ ስለከረመ ባዶውን ከሚውል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ስለዋሉልን ውለታ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አንደኛ፤ እህል ወደ አዲስ አበባ እንዳይገባ ገመዱ ከተዘረጋ ወዲህ በከተማችን ፀጥታ ሰፍኗል። ድሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ከብስራተ ገብርኤልና ከሳሪስ ሸማቹ ሲጎርፍ፣ በአህያው ጩኸትና በወፍጮው ድምፅ መደማመጥ አይቻልም ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከገበያው ማዶ ይማርህ ይሉታል።

ሁለተኛ፤ እህላችን እንዳያልፍ ሲከለከል እኛ እንዳናልፍ ስላልተከለከልን፣ ግማሾቻችን አዲስ አበባ ገብተን የሰው ሸክም ለመሸከም በቅተናል። ስለዚህም ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ ፳ ቀን የእህቴ፣ የወይዘሮ ተሾመች፣ ባለቤት በንቲ ብስራተ ገብርኤል በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። በንቲ የማክሰኞ ገበያ ልጅ ነውና የንፍሮውን እህል የምናመጣው እኛ ነን፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ገበያው የሞተበት ጎረቤት ሁሉ ከጓዳው እፍኝ እፍኝ አዋጥቶ አንድ ቁና ስንዴና ባቄላ ሞላልኝ። የገበሬ ማኅበሩም መሸኛ ጻፈልኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በተረካቢው ቦታ የሟቹን ስም አስጻፍኩ።

በማግስቱ ተረኛው ጠባቂዎ፣ ተረካቢው ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ እህሉ እንደማያልፍ በትዕግሥት አስረዳኝ። በንቲ ግን በዚያ ሰዓት ወደ ቀብር እየሄደ ስለነበር ሊመቸው አልቻለም። ከረጢቱን ስንጓተት ተቀደደና እህሉ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ለቅሶው ቤት ባዶ እጄን ገባሁ። እህቴ ቀና ስትል ያየችው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር። በሃምሳ ዓመቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። የዚያን ዕለት ያለቀስኩት ለበንቲ ይሁን ለአገሬ ሰው እፍኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አርባው ነሐሴ ፳፱ ቀን ነው። አንድ ቁና እህል ብቻ እንዲያሳልፉልኝ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። በአሁኑ መሸኛ ላይ የተጻፈው የተሾመች ስም ነው። እሷ ቀርባ መፈረም ትችላለች፤ እስካሁን በሕይወት አለች።

ገመድዎ ሳይላላ፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ ዕድሜዎ እንደ ሰልፋችን እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ወጋየሁ፣
የማይፈጨው ወፍጮ ሠራተኛ
ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ያ የፈሰሰው እህል ጎርፍ ወስዶት ከገመዱ ወዲያ፣ በአዲስ አበባ በኩል በቅሏል። ትናንት ሳየው ባቄላው ስንዝር አልፏል። መሸኛ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም እባክዎ አያስነቅሉት። እህቴ የዚያኛው ወገን ነዋሪ ስለሆነች ለመልቀም ፈቃድ አያሻትም። ለአርባው ባይደርስ ለሙት ዓመቱ ይደርስልናል።