ገጽ ሰባት፣ መስመር አራት

ፌብሩዋሪ 3

ለታሪክ ይመዝገብ። የሎውቤክ መንደር ማስታወቂያ ሰሌዳ ዛሬ ጠዋት ከአራት ትንንሽ ሚስማሮቹ አንዷን አጣ። የመንደሩ የታሪክ ኮሚቴ (እኔና ታላቅ ወንድሜ ዊልፍ) በደረሰው ጉዳት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።

ተለጥፎ የነበረው የመጽሐፌ ማስታወቂያ ነው። አሁን በሦስት ጥግ ተይዞ ይርገበገባል። “የሎውቤክ ታሪክና ጥንታዊ ቤቶቿ”፣ ሃያ አራት ገጽ። ዘጠኝ ቤት፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ጎተራ... ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል?

ዊልፍ አልጋው ላይ ሆኖ ሁለቴ አነበበው። ሐኪሙ “ጸደይን ማየቱን እንጃ” ካለ ወዲህ፣ አሁን ገና ለማንበብ ጊዜ አገኘሁ ይላል።

ፌብሩዋሪ 5

“ገጽ ሰባት ላይ ተሳስተሻል፣ ክብርት የታሪክ ሚኒስትር።”

“የቱ ጋ?”

“ድንጋዩ።”

የሬሳ ማሳረፊያው ድንጋይ። ቤተ ክርስቲያን የለንም። ድሮ ሬሳ በሜዳው መንገድ፣ በትከሻ፣ እስከ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። እኩሌታው ላይ ሳጥኑን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ይተነፍሳሉ። የጻፍኩት ይህ ነው፦ “ድንጋዩ ለመጨረሻ ጊዜ ያገለገለው በ1919 ነው።”

“ማን ነግሮሽ ነው ‘ለመጨረሻ ጊዜ’ ያልሽው? እኔ አለሁ አይደል!”

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ፌብሩዋሪ 6

ዊልፍ የአባባን ቀብር አነሳ። በመኪና ነበር የወሰድነው፣ ዝናብ ነው ብለን። ሰባት ደቂቃ።

“ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው፣ በሰባት ደቂቃ! እኔን በትከሻ፣ ኢኒድ። እሺ በይኝ።”

እሺ አልኩ። ስድስት ተሸካሚ ያስፈልጋል። ክረምት ከበጋ እዚህ የምንኖረው አምስት ሰው ነን። አንዱ ራሱ ሟቹ... ምን ብዬ ጻፍኩ?

ፌብሩዋሪ 9

ጎረቤቴ ዶርካስ፣ በግ አርቢዋ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። “እኔ አለሁ” አለች። “ሦስቱን ልጆቼንም ከከተማ እጎትታቸዋለሁ።”

“ሴት ተሸክማ አታውቅም እኮ።”

“አውራ በግ ስሸከም ማን ከለከለኝ? ወንድምሽ ከአውራ በግ አይከብድም። ደግሞ አይንፈራገጥም።”

ፖስተኛው አምስተኛ። የቀረነው የመሸከም አቅም የለንም፤ ስድስተኛ የለም።

ፌብሩዋሪ 17

ድንጋዩን ለማየት ወጣሁ። ጎተራውን የገዛው የለንደኑ ሰው፣ ክሪስፒን፣ አጥሩ ውስጥ አስገብቶታል። ሦስት የአበባ ማሰሮ ደርድሮበታል። (ገጽ አስራ አንድ፦ “ጎተራው ድሮ ዓመቱን ሙሉ እህል ይቀመጥበት ነበር፤ ዛሬ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አንድ ሰውና አንድ የሙቅ ውሃ ገንዳ ይቀመጡበታል።”)

“የወተት ጋን ማስቀመጫ ነው ብለውኝ ነው” አለ።

ምንነቱን ነገርኩት። እስከ ጆሮው ቀላ።

“ይቅርታ... ማን ነው የሞተብዎት?”

“ገና ነው” አልኩት።

ማርች 9

ዊልፍ። ጠዋት። ሻዩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ።

ማርች 14

ሐሙስ። ስድስተኛውን በልምምጥ ከቀባሪው ድርጅት ልለምን ነበር። በራችን ላይ ክሪስፒን ቆሟል፣ ጥቁር ኮት፣ ከካርቶን የወጣ አዲስ ቦት ጫማ። በሥራ ቀን! ከለንደን!

“ሰው ጎድሏል አሉኝ።”

ዶርካስ ከላይ እስከ ታች አየችው። “ከኋላ በግራ ያዝ። ብትጥለው ታሪክ ውስጥ ትገባለህ። ጸሐፊዋ ያቻትና።”

ማሰሮዎቹ ተነስተዋል። አጥሩ ተከፍቷል። ድንጋዩ ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም። አሳረፉት። ክሪስፒን ተረከዙ ደምቶ ያነክሳል፣ የቀባሪው ድርጅት ሰው ልተካህ ቢለው እምቢ አለ። እጄን ሳጥኑ ላይ አኖርኩ... ጎኑ ይሞቃል። የትከሻቸው ሙቀት ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም አላነሳሁም፣ እስኪቀዘቅዝ።

ከቤታችን በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ። ይበቃሃል፣ ዊልፍ?

ማርች 16

የታሪክ ኮሚቴው ዛሬ ተሰብስቧል። ተቃውሞ የሚያቀርብ አባል የለም... ቀልድ የሚያቀርብም። አራተኛዋን ሚስማር መታሁ። ከማስታወቂያው ሥር የለጠፍኩት፦

እርማት። በገጽ 7፣ መስመር 4፣ “በ1919” የሚለው “በዚህ ዓመት ማርች 14 ቀን” ተብሎ ይነበብ። “ለመጨረሻ ጊዜ” የሚለው ሐረግ ይሰረዝ።