ቦያችን ላይ ስለቆመው የምስጋና ሰሌዳ

ለተከበሩ የመሬት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎም፣ በተለይም ጣሪያውና ወለሉ፣ ደህና እንዲሆኑልን ምኞታችን ነው። እኛ ከኮረብታው ሥር የምንኖረው ሰዎች ሰማዩ ደመና እስካልቋጠረ ድረስ ደህና ነን።

እኔ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለተነገረኝና፣ ጋዜጣ ለማንበብ ግን መቼም ጊዜ አያጡም ብዬ ስላሰብኩ ነው።

ኮረብታው ራቁቱን በነበረበት ዘመን ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። በየሳምንቱ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ እየወጣ እርከን ሠራን፣ ችግኝ ተከልን፣ ከብቶቻችንን አስረን ቀለብን፤ ጎርፉን ከቤቶቻችን አዙሮ ወደ ወንዝ የሚወስድ ቦይም ቆፈርን። እናቴ ለዚያ ቦይ ድንጋይ ስትሸከም ወገቧ ተቆርጦ ይኸው አልጋ ላይ ቀረች። ኮረብታው ለምልሞ ማማር ሲጀምር እርስዎ መጡልን፤ እግዜር ይስጥልን።

1ኛ. ለዓለም ምሳሌ ሆናችኋል ብለው፣ ከባሕር ማዶ ሳይቀር እንግዳ ጠርተው ላስመረቁልን የምስጋና ሰሌዳ ከልብ እናመሰግናለን። ቁመቱ ከቤቴ ይበልጣል፣ ጽሑፉም ያምራል። ችግሩ የሲሚንቶ መሠረቱ የተሞላው ቦያችን መሃል መሆኑ ነው። ሠራተኞቹ የተቆፈረ ቦታ ሲያገኙ ድካም ቀለለልን ብለው ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም። ግንበኛው አጎቴ በምረቃው ዕለት ይህንኑ ሊያስረዳ እጁን ቢያወጣ፣ ሊያመሰግን የተነሳ መስሏችሁ አጨበጨባችሁለት። እሱም ግራ ገብቶት እጅ ነስቶ ተቀመጠ።

2ኛ. በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ኮረብታውን ከነቦያችን ከሰው ንክኪ ለመጠበቅ አጥር አጥረውልናል። ከየትኛው ሰው ብለን ብንጠይቅ ከእናንተው ተባልን። ጎሽ! ጫማ ሠሪው ጎረቤቴ ቦዩ ውስጥ የተጠራቀመውን ደለል ሊጠርግ ቢወጣ ጥብቅ ቦታ ደፍረሃል ተብሎ አካፋውን ተቀማ። አካፋው ዛሬም እርስዎ ዘንድ ነው፤ ሥራ ፈትቶ እንዳይዝግ አደራ።

3ኛ. ስለ ባለሙያዎ ትሕትና ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሰሌዳውን ለማንሳት ጥናት እንደሚያስፈልግ፣ ጥናቱም መሬቱ ሲደርቅ፣ ማለትም ዝናቡ ካበቃ በኋላ እንደሚጀመር ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ወይ ጉድ! ጎርፉም እስከዚያ እንዲታገሥ በደብዳቤ ቢያሳውቁት መልካም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ዝናብ ከማለት ካፊያ ማለት ይሻላል። ውሃው ሰሌዳው ሥር ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰፈር ዞረና እናቴ ክፍል ገባ። እኔ ክር ልገዛ ገበያ ወርጄ ነበር። ስመለስ የአልጋው እግሮች ጭቃ ውስጥ ቆመዋል፤ እሷ መነሳት አትችል፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ድምጿን አጥፍታ ታለቅሳለች። ለምን እንዳልጮኸች ብጠይቃት፣ ሁሉም የየቤቱን ውሃ ሲጠርግ ማንን እንደምትጠራ ጨንቋት እንደነበር ነገረችኝ።

ካፊያው ይህን ካደረገ ዋናው ሲመጣ ምን ሊውጠን ነው? ቤት እንዳልቀይር ኑሮዬም ደንበኞቼም እዚሁ ናቸው፤ እሷም ሌላ ሰፈር ሄጄ አልሞትም ብላለች። ክቡርነትዎ፣ ፌዝ የጀመርኩት እንዳላለቅስ ነበር፤ አሁን ግን አልቻልኩም። ስለ እናት ብለው አጥሩን ለአንድ ቀን ይክፈቱልን። ሰሌዳውን እኛው ነቅለን፣ ቦዩን ጠርገን፣ ከፈለጉም አስፋልቱ ዳር፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ መልሰን እንተክልልዎታለን። ከእርስዎ የምንፈልገው ከልካይ እንዳይልኩብን ብቻ ነው።

ይህንንም ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሉ እንኳ እርስዎን ማክበሬን ሳላቋርጥ፣ ለዕድሜዎ ርዝመትና ለምንጣፍዎ ድርቀት እየጸለይኩ፣

ለዓለም ምሳሌ ከሆኑት አንዷ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ መልስዎን ዝናቡ ከቀደመው በዚህ አድራሻ አይላኩልን፤ መልእክተኛዎ በሩን አያገኘውም። እናቴን ከነፍራሿ ተሸክመን መጥተን እርስዎ ቢሮ በራፍ ላይ ስለምናስተኛት፣ ወደ ስብሰባ ሲገቡ እንዳይረግጧት ብቻ እባክዎን ዝቅ ብለው ይመልከቱ።