በፒኑ ቦታ የገባው ሚስማር

እህት ዓለም፣

ስኩተሯ በረንዳው ላይ ናት፤ ቁልፏ መስኮቱ ጋ አለ። ተሳቢውን አትፈልጊው፤ ቁልቁለቱ ላይ ከስኩተሯ ተላቆ ከግንብ ጋር ተላትሟል። የእናቴ የስፌት መኪና ላዩ ላይ ነበረች። አሁን ቁርጥራጭ ብረት ናት።

የተሳቢውን ማያያዣ ፒን ነቅለሽ የመጋረጃሽን ገመድ ግድግዳ ላይ እንደወጠርሽበት አሁን ገብቼ አየሁ። መጋረጃ መሸከም ያቃተውን ሚስማር ደግሞ ለተሳቢው ሰጠሽው።
እሰይ፣ መጋረጃሽ ያምራል።

እኔ አክስቴ ቤት ነኝ፤ አትደውዪ። ለድመቷ ውሃ አስቀምጪላት።

ይህን ግን ሆዴ ሊይዘው አልቻለም። ሚስማሩን ጠዋት ዕቃውን ስጭን አይቼዋለሁ። «ፒኑስ?» ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ በአንድ ቤት እየኖርን ከተኳረፍን አምስት ቀናችን ነው።

ቀድሜ ከማናግርሽ በሚስማር መሄድ ቀለለኝ።