የጋሽ ሙሉጌታ ቮልስ ጣሪያ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ለልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በሙሉ። በታላቅ ሐዘን የምንገልጸው፣ አንዲት ቮልስዋገን ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በድንገተኛ አደጋ ጣሪያዋ ቀልጦ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ርዝመቷ አንድ ስንዝር ነበር። ገዳይዋ ይህን የሚጽፈው ግለሰብ ሲሆን እስካሁን አልተያዘም።

ቀልዱን ተው ቢኒ። ጨንቆኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልሷ የፕላስቲክ ናት፤ የሕፃን መጫወቻ ግን አይደለችም። በሩ ለብቻ፣ መሪው ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ ሆኖ በካርቶን ተበታትና የምትመጣ፣ ሰው በማጣበቂያ እየገጣጠመ የሚሠራት ዓይነት ናት። የጋሽ ሙሉጌታ ናት። እሳቸው ከኛ በታች፣ አንደኛ ፎቅ ነው ያሉት። ጌጃ ሰፈር ሳይፈርስ በፊት ባትላሜራ ነበሩ፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና እየቀጠቀጡ የሚያቀኑ። ቮልሷን በወጣትነታቸው አንድ ፈረንጅ ደንበኛ ሰጥቷቸው ራሳቸው ገጣጠሟት። በኋላ ልጃቸው ሕፃን ሳለች በግቢ በር ቀለም አረንጓዴ ቀባቻት። ወፍራም፣ የተንጠባጠበ አረንጓዴ። አሁን እንደ አዲስ ሊያድሷት ፈልገው እጃቸው ይንቀጠቀጥባቸዋል። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ። እኔን! በዚህ ብሎክ ውስጥ ቁልፍ እንኳ "ለእናትህ ስጥልኝ" ብሎ የሚያምነኝ ሰው የለም።

አንድ ወር ሙሉ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ እሳቸው እያዘዙ እኔ ፈታሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ያን ያህል አንድ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም።

የልጃቸው ልጅ ክርስትና ስለሚነሳ ናዝሬት ሄደዋል፤ እስከ ቅዳሜ የሉም። ሲሄዱ የቮልሷን አካል በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ቀለሙን በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ፣ ቀስ እያልክ። ሌላ ነገር እንዳታስነካት" አሉኝ። ሁለት ቀን ፈገፈግኩ። የለቀቀው አንድ ጣት ያህል ነው። ዛሬ የእህቴ የሄለን አሴቶን ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበት። ቀለም ያስለቅቃል ተብሎ ተጽፎበታል እኮ! ጥጥ ነክሬ ጣሪያዋን ጠረግ አደረግኩ። አረንጓዴው ወዲያው ተነሳ። ጮቤ ረገጥኩ። ደግሜ ጫን ብዬ ስጠርግ አውራ ጣቴ ሰጠመ።

ጋሼ ቢያውቁ አይጮሁም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ዝም ብለው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ሁለተኛ ያ ጠረጴዛ አጠገብ አልደርስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጀለሴ ሚኪ መጥቶ አያት። አልጋው ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ከዚያ ተባብረን የሚከተሉትን ውሸቶች አዘጋጀን፦

አይጥ በላት። (አይጧ ጣሪያ ብቻ ነው የምትወደው?)
ፀሐይ አቀለጣት። (በኅዳር ብርድ።)
ሌባ ወሰዳት። (ቴሌቪዥኑን ትቶ።)
ሄለን ናት። (ሄለን ትገድለኛለች።)

"አንተ እኮ በውሸት ማስተርስ አለህ፤ ዛሬ ምን ነካህ?" አለኝ ሚኪ። እኔም ገርሞኛል።

ከሰዓት በፌስታል ይዣት ደሬ ጋራዥ ሄድኩ። ደሬ ሥራውን የተማረው ከጋሼ ነው፤ አሁን ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ የራሱ ጋራዥ አለው። ከፌስታሉ ሳወጣት ሠራተኞቹን በሙሉ ጠራ። "ትራፊክ አይቷታል? ሹፌሩስ ተርፏል?" ሲል አካባቢው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አያትና ሳቁ ጠፋ።

"የጋሼ ናት እንዴ?"

"አዎ።"

"ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ አቧራዋን ጥረግ ብለው አልሰጡኝም" አለ። ይሄን ባይነግረኝ ምን ነበረበት!

እንደማይናገር ምሎ ቀዳዳው ላይ ስቱኮ ደፈነልኝ፤ የመኪና ጎድጓዳ የሚሞሉበትን። ቤት እስክደርስ እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ተላቆ ፌስታሉ ውስጥ ወድቋል። ደሬ የሚያውቀው ቆርቆሮ ነው።

ማታ ጋሼ እማዬ ስልክ ላይ ደወሉ። "ያ ቀልማዳ ልጅሽ ቮልሷን እንዴት ይዟታል?" አሏት። "እንደ ዓይኑ ብሌን" አለች እማዬ፣ ኮርታ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ መጣልኝ። አሴቶን ፕላስቲክን ሊጥ ካደረገ፣ ሌላ ፕላስቲክ አቅልጬ በሊጡ ልሙላት! እማዬ ያጠራቀመቻቸውን የጠርሙስ ክዳኖች ደርድሬ በየአንዳንዱ የተለያየ ፕላስቲክ ቁራጭ አስገብቼ አሴቶን ጠብ አደረግኩበት።

ፌስታል፦ ምንም አልሆነም።
የውሃ ላስቲክ፦ ምንም።
የእስክሪብቶ ክዳን፦ ምንም።
የሻምፖ ክዳን፦ ምንም። (ሄለን እየፈለገችው ነው።)
የኬክ ቤት ነጯ ማንኪያ፦ ለሰለሰች! ከዚያ ተዝለገለገች። ከዚያ ማር ሆነች!

ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። ግን ያለችኝ ማንኪያ አንድ ናት። ኬክ ቤት ሮጥኩ።

"ማንኪያ ስጪኝ።"

"ኬኩስ?" አለች ልጅቷ።

"ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ። ማንኪያውን ብቻ።"

እየሳቀች ሦስት ሰጠችኝ። ማሩን በስቴኪኒ ጫፍ እያነሳሁ ቀዳዳውን ሞላሁ። እጄ ሲረጋ አይቼው አላውቅም፤ ዛሬ አየሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅ ደግሞ አልችልም። በየአሥር ደቂቃው ሄጄ አያለሁ። አራት ሰዓት ላይ ራሴን ላዘናጋ ብዬ ግቢ ወርጄ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" ብዬ ጮህኩ። ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። አምስቱም ፎቅ ጀሪካን ይዞ ወረደ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዝ ሁለት ጀሪካን ይዘው በነጠላ ጫማ ሲሮጡ ሯጭ ነው የሚመስሉት። ቧንቧው "ሽሽሽ" ብሎ አየር ተነፈሰባቸው። በዚያው ጫማ አባረሩኝ።

ስመለስ ደርቋል መሰለኝ። ነካ አደረግኩት። ላዩ ቆዳ ነው፣ ውስጡ ሊጥ። ሰጠመ። ደግሞ ያው አውራ ጣቴ! ልቆርጠው ነው።

ሁሉንም ጭሬ አውጥቼ እንደገና ሞላሁ። አሁን ሄለንን ለመንኳት። "ይቺን መኪና ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ቆልፊብኝ፤ ብለምንሽም እስከ ነገ ከሰዓት እንዳትከፍቺ።"

"ምን ሰርቀህ ነው?" አለችኝ።

ቆለፈችልኝ። ሁለት ጊዜ ለመንኳት። አልከፈተችም። ጎበዝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ሄለን ስምንት ሰዓት ላይ ከፈተችልኝ። አጥንት ሆኗል! ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከርኩ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጌ ፈገፈግኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። የቀረውን አረንጓዴ በሳሙና ውሃ ጨረስኩት፤ አንዴ ከጀመረ ለካ ይለቃል። ሌላ ሁለት ቀን ብታገሥ ኖሮ በቃ ይለቅ ነበር። ይሄን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ችግር። አካሏ ክሬም ነው፣ የተሞላው ነጭ። በሩቅ ያስታውቃል። ደሬ ጋ ሮጥኩ። ሚኒባስ ሊቀባ መጀመሪያ የሚረጨውን ግራጫ ቀለም እየረጨ ነበር፤ በዚያው እጁን ዘርግቶ ፊሽ አደረገላት። ነጩ ከላይ ጠፋ። ከውስጥ ሲያዩት ግን አለ፤ የተሞላ ጥርስ ይመስላል።

"ከላይ አይታወቅም። እኔ አልናገርም፤ አንተም አፍህን ዝጋ" አለኝ ደሬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጋሼ መጡ። ቮልሷን ግቢ ድረስ አወረድኩላቸው። ወይዘሮ አልማዝ፣ ዘበኛውና ሚኪ ባሉበት ከፍ አድርገው አሳዩዋት። "እዩት! ለልጅ የማይሰጥ ነው የሰጠሁት። ግራጫውን ሳልነግረው ራሱ አስቦ ደሬ ጋ አስቀባት። ይሄ ልጅ እጅ አለው!" ወይዘሮ አልማዝ እንኳ ፈገግ አሉልኝ።

ሲሰድቡኝ እንቅልፌን እተኛለሁ፤ ይሄን ግን አልቻልኩትም።

"ጋሼ፣ ጣሪያዋን አቅልጬባት ነበር" አልኩ።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። "ውሃ መጣ እንዳለው ነው!" አሉ ወይዘሮ አልማዝ። "አንተ ቀልማዳ፣ ደሞ ጀመርክ?" እያሉ ጋሼ እንባቸውን ጠረጉ።

"እውነቴን ነው!" ስል ባሰባቸው። በዕድሜዬ ሰው ፊት እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደዚህም አስቄ አላውቅም።

ሚኪ ጎተተኝ። "አለቀ እኮ! ተናገርክ፣ አላመኑም። ከአንተ ወረደ።"

አልወረደም። ይኸው ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ ቁጭ እላለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። ተከትያቸው ገባሁ። ቮልሷ ጠረጴዛው ላይ ናት።

"ጋሼ፣ ገልብጠው ውስጧን ይዩልኝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ገለበጧት። ነጩ እዚያው አለ። ሳቁ ከፊታቸው ሲሄድ አየሁት።

"በምን?"

"በአሴቶን።"

"ምን ብዬህ ነበር?"

"በሳሙና ውሃ።"

ዝም አሉ። እንደፈራሁት ዝም። ልወጣ ወደ በሩ ዞርኩ። ዞር ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣሪያዋን በጣታቸው ይዳስሳሉ። የተቀጠቀጠ መኪና ቀንቶ እንደሆነ ባትላሜራ የሚያውቀው እንደዚያ ነው፤ ዓይን ይታለላል ይላሉ።

"እዚህ ጋ ጉብታ አለ" አሉ።

እኔ አላየሁትም ነበር። ስዳስሰው ግን አለ።

"በምን ሞላኸው?"

"በኬክ ማንኪያ።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "በምን?"

ማንኪያው እንዴት ማር እንደሚሆን ነገርኳቸው። ሐሙስ የነካሁትንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

"ለደሬ ነግረኸዋል?"

"ማንኪያውን? አልነገርኩትም።"

"እንዳትነግረው።"

ከመሳቢያቸው ብርጭቆ ወረቀት አውጥተው ወረወሩልኝ። "ጉብታውን አውርድ። ቤትህ ይዘሃት አትሄድም፤ እዚሁ ቁጭ ብለህ፣ እኔ እያየሁህ።"

ይቅር ብለውኝ ይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ግን ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ፤ እስከ ምሳ ተቀመጥኩበት።

እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልወርድልኝ ያለው በዚህ ነው። አሁን ሳየው ነገሩ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። የሃምሳ ሳንቲም የማታክል ቦታ፣ ያውም ፕላስቲክ። ለሰው ብናገር ይሳቅብኛል። ደግሞ ተናግሬ ተስቆብኛል።