ነጯ መኪናህ የማን እንደነበረች

ይድረስ ለታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ እንዳልልህ ነገሩ አልፏል። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኔና ልጅህ ቢታንያ ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልህ ግን አልቅሼ አይደለም፣ ተበቅዬ ነው። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው።

አርባህ በወጣ በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ደረጀ ቤት መጣ። ሊያጽናናን የመጣ መስሎኝ ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም። ሎግቡኩን፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን፣ ከኪሱ አውጥቶ «መኪናዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለኝ። ስሙ አለበት እኮ! መኪናዋን ስትገዛ ያንተ ወረቀት ገና አልወጣም ነበር፤ እሱ የኬንያ ዜግነት ስለነበረው በእሱ ስም ተገዛች። የእኛ ሰው ናይሮቢ ላይ ሱቁንም መኪናውንም የሚገዛው እንዲህ ነው፣ ወረቀት ባለው ዘመድ ስም። ወረቀትህ ሲወጣ ስሟን አዛውር ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ? «ወንድሜ እኮ ነው» አልከኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወንድምህ ሞኝ አይደለም፣ ወረቀቱ ግን በእጁ ነበር።

ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ማለቱን ትቻለሁ።

ከፓርክላንድሱ ሱቃችን በርበሬና ሽሮ ጭነህ ለኪሊማኒና ለዌስትላንድስ ምግብ ቤቶች የምታደርሰው በእሷ ነበር። እሷ ስትሄድ ከረጢቱን በማታቱ፣ በሚኒባሱ ታክሲ፣ መጫን ጀመርኩ። ረዳቱ የሁለት ሰው ያስከፍለኛል፣ ተሳፋሪው በበርበሬው እያስነጠሰ ይሰድበኛል። ዘግይቼ ስደርስ ደግሞ ደንበኞቼ «ጋሽ ደረጀ አድርሶልናል» ይሉኝ ጀመር። ወንድምህ በርበሬ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ በአንተ መኪና፣ ላንተ ደንበኞች ይሸጣል። በዚያው ቢቀጥል የቢታንያ ኮሌጅ ይቅርና የሱቁንም ኪራይ አልችለውም ነበር። ያን ቀን ማልኩ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ልመልስ፣ እሱንም አንገቱን ላስደፋው።

የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ» አሉኝ። «አባቴ፣ እንግዲያው ጸሎቱን ለጊዜው ልተወውና ቂሙን ልጨርስ» አልኳቸው። ሊቆጡኝ ብለው ሳቃቸው ቀደማቸው።

አንተም ከቂሜ አታመልጥም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከአገር ቤት የመጣውን ሁሉ መንዳት ስታስተምር ኖረሃል። የደረጀን ሚስት እንኳ አስተምረሃል። እኔ አስተምረኝ ስልህ «እኔ እያለሁልሽ መሪ ምን ያደርግልሻል?» ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፣ ፍቅር መስሎኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

በአርባ ስድስት ዓመቴ ዌስትላንድስ ካለ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ገባሁ። መጀመሪያ መኪና አያስነኩህም። መንገድ የተሳለበት ትልቅ ገበታ አለ፤ በእሱ ላይ የልጆች መጫወቻ መኪና በእጅህ እየገፋህ ትማራለህ። የቢታንያ እኩዮች መሀል ቆሜ፣ በነጠላዬ፣ መጫወቻ ስገፋ አስበኝ። መንገድ ላይ ስንወጣ መምህሩ «ማማ፣ ክላች! ክላች!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ የማውቀው ካንተ የሰማሁትን ፍሪሲዮን ነው። ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ከኋላ ያለው ማታቱ ጥሩምባውን ይለቅብኛል። ያኔ የደረጀን ፊት አስብና አስነሳታለሁ።

ፈተናው ላይ ወደቅሁ። በምን ብትል፣ በዚያው መጫወቻ። ፈታኙ አደባባዩን ዙሪ ሲለኝ ደነገጥኩና መኪናዋን በቀኝ በኩል ወሰድኳት፣ አዲስ አበባ እንደሚነዳው። እዚህ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ በግራ ሲነዳ በየቀኑ እያየሁ፣ ጭንቅ ሲመጣ እጄ አገሩ ሄደ። ፈታኙ ረጋ ብሎ «ማማ፣ ሁሉንም ገደልሻቸው» አለኝ። እንደገና መማሪያ፣ እንደገና መፈተኛ ተከፈለ። የዓመት በዓል ልብሳችን በዚያ ቀረ። ቢታንያ ብቻ «ማሚ፣ ኡሲዮጎፔ፣ አትፍሪ፣ ቀጥዪ» እያለች ገበታውን በካርቶን ላይ ስላልኝ ወጥ ቤት ውስጥ አስጠናችኝ። በሁለተኛው አለፍኩ።

ዕቁቡ ሲወጣልኝ ትንሽ ሰማያዊ አሮጌ መኪና ገዛሁ። በስሜ፣ ታደሰ! መግዛቱ ግን መጀመሪያው ነበር። በሳምንቱ ባትሪዋ ሞተ። ኢንሹራንሱ፣ ነዳጁ፣ የማቆሚያው፣ የፍሬን ሸራው፣ ሴት ናት ብሎ ደህናውን ካንዴላ የሚቀይርልኝ መካኒክ። አንተ «መኪናዋ እኮ ምንም አትበላም» ትለኝ ነበር። ዋሽተኸኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጫማ ለምን እንዳደረግክ፣ ምሳ በልቼ መጣሁ እያልክ ማታ ለምን እንደዚያ ትጎርስ እንደነበር አሁን ገባኝ። አንድ ቀን ጎሚስታው ጎማ እየቀየረልኝ ሳለ ይህ ትዝ አለኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው በዋጋው ያለቀስኩ መስሎት ትንሽ ቀነሰልኝ።

ደንበኞቼ ተመለሱ። እኔ በሰዓቴ እደርሳለሁ፤ ደረጀ ዛሬ ተበላሸችብኝ፣ ነገ ተበላሸችብኝ ይላል። መጨረሻ ላይ ሞተሯ ነከሰና አልነሳ ብላ ግቢው ውስጥ ቀረች። ገዢ ሲያጣ ሱቄ መጣ። ያ «መኪናዬን» ያለኝ ሰው «እህቴ፣ የታደሰ ትዝታ አለባት፣ ለሌላ ከምትሄድ አንቺ ውሰጃት» አለኝ። ሻይ አቀረብኩለትና ልያት አልኩ።

ግቢው ሄደን ከፍቼ ገባሁ። ከሾፌሩ ፊት ያለችውን የፀሐይ መከለያ ሳወርዳት ዘይት የቀየርክበት ቀን ሁሉ በእጅ ጽሑፍህ ተደርድሯል። የመጨረሻው ልትታመም ሁለት ሳምንት ሲቀርህ የጻፍከው ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከአንተ በኋላ አንድ ጠብታ ዘይት አልቀየረላትም። ገድሏት ነው ሊሸጥልኝ የመጣው።

መከለያዋን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በብረት ዋጋ እወስዳታለሁ፣ ግን መጀመሪያ ስሟ ይዛወር አልኩት። ተስማማ። ለፊርማው በእኔ መኪና ወሰድኩት። የፊቱ ወንበር ላይ የነበረውን የበርበሬ ከረጢት አላነሳሁለትም፤ ከኋላ፣ ከሌሎቹ ከረጢቶች መሀል ተቀመጠ። ከፓርክላንድስ ተነስተን እስክንመለስ ድረስ ሲያስነጥስ አንድ ጊዜም ይማርህ አላልኩትም። ሎግቡኩ በስሜ ወጣ። ጠግኜ የምነዳት መስሎት «እግዜር ይስጥሽ፣ የእሱ ነገር ቤት ገባ» አለኝ።

በማግስቱ ቁራሌዎቹን ይዤ ግቢው ሄድኩ። መጋዛቸውን በመስኮት ሲያይ ነው ነገሩ የገባው። ጣሪያዋን መቁረጥ ሲጀምሩ ከቤት ሮጦ ወጣ። «ኧረ በሕግ! የወንድሜን መኪና! የወንድሜን መኪና!» እያለ ጭንቅላቱን ይዞ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ሰማች። ጎረቤት ሰማ። እኔም ቆሜ ሰማሁ።

ያን ቃል ለመስማት ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ባንተ በኩል ያለውን በር ሲነቅሉት ግን ሄጄ ሰማያዊዋ መኪናዬ ላይ ተደገፍኩ። እሱ ከመሬት፣ እኔ ከመኪናዬ፣ ሁለታችንም ላንተ አለቀስን። ይቅር ግን አላልኩትም።

መከለያዋ አልጋዬ ራስጌ ናት፣ ጽሑፍህን እያየሁ እተኛለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልረሳህም፤ ሙት ዓመትህንም እስካለሁ አላስታጉልም። ስንገናኝ ግን ከመሳሳማችን በፊት የማነሳብህ ስሟን ያላዛወርክበትን ምክንያት ነው። መልስህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

ባለቤትህ፣
አልማዝ