ድንኳን በግማሽ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ አቃቂ

ባቡር ላይ የሚሠራው ወንድሜ ዛሬ አናደደኝ። በቆላው መስመር ያለች፣ ሰው የማይበዛባት የምርጫ ወረዳ ከኛው እኩል እንደራሴ ወደ ምክር ቤት ትልካለች አለኝ። እዚህ ፋብሪካው ዙሪያ ሰዉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ታዲያ የኔ ድምፅ ከነሱ አነሰ ማለት አይደለም?

አመሻሽ ላይ ዕድር ስንሰበሰብ ይህንኑ አነሣሁ። ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቴ እማማ የሺ ሳቁብኝ።

«አንተ ቤት ዘጠኝ ነፍስ አለ፣ እኔ አንድ ነኝ። ዕድር ላይ ግን ድምፃችን እኩል ነው። ወይስ ስሞት ድንኳኑ በግማሽ ይተከልልኝ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም እውነት አላቸው፣ እኔም የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ግራ ገባኝ።

እግራቸውን ስለሚያማቸው፣ የምርጫው ቀን በጋሪ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ምን እላቸዋለሁ?