ለመጋረጃ ሳቢው የተነገረ ትርኢት

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ስለ ጤና ይጠይቃል። አንተን ግን ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ ካለህበት ስፍራ ሆኖ ሲታይ፣ ሊጠየቅ የሚገባው የእኛ የቀረነው ጤና ነው። እኔ እበላለሁ፤ እተኛለሁ፤ በሰዓቱ ተነሥቼ እጸልያለሁ። ስለ ነፍስህ የምጸልየው ቃል ከአፌ ሳይጓደል ይወጣል፤ እኔ ግን ውኃ እያሳለፈ እንደማይጠጣ ቱቦ ሆኛለሁ። ከተቀበርህበት ቀን ጀምሮ አላለቀስሁም። ኀዘኔ ያነሰ እንዳይመስልህ። ሰው ተኝቶበት የደነዘዘ ክንድ የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ ቢቆነጥጠው ግን አይሰማውም። እንደዚያ ነኝ።

የምጽፍልህ ስለ ትርኢቱ ነው። የዓመቱ የባሌት ዳንስ የክብር ትርኢት ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ።

ዓይንህ ብርሃን ካጣ ጀምሮ ይህን ትርኢት አይቼ የምነግርህ እኔ ነበርሁ። ሲጀመር ለዚህ ሥራ የምመች ሰው አልነበርሁም። ዕድሜዬን ሙሉ መጻሕፍት ሳነብና ሳስተምር የኖርሁ፣ ከላይኛው ፎቅ ለሻይ የወረድሁ ጎረቤት ነበርሁ፤ ልጃገረዶቹ እግራቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሡ ባይ ጊዜ ፊቴን አዞርሁ። አንተም «ምን እየሠሩ ነው የኔታ?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

«ደኅና ናቸው» አልሁህ።

«ድምፅዎ ከግድግዳው ነው የሚመጣው፤ እዚያም ይጨፈራል እንዴ?»

ባለቤትህ ከማእድ ቤት ሆና ስትስቅ ሰማኋት። በኀፍረት ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርሁ፤ እንደዞርሁም ቀረሁ። በእነዚያ እግሮች ያየሁት ትምህርት ነው። አንዱን ነገር እስኪቀና ድረስ መደጋገም፣ ከቀናም በኋላ ድካሙ እንዳይታይ መሰወር ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እነርሱም ያውቃሉ።

አንተ ግን ባሌትን የምታውቀው በሌላ በኩል ነው። በቲያትር ቤት መጋረጃ ስትስብ የኖርህ ሰው፣ ዳንሰኞቹን ከፊት አይተሃቸው አታውቅም። ገመድህን ይዘህ ከጎን ቆመህ፣ በመድረኩ ላይ እንደ ላባ ሲንሳፈፉ የቆዩት ወጥተው ጉልበታቸውን ይዘው ሲያለከልኩ ነው ያየሃቸው። «ሕዝቡ ክንፉን ያያል፤ እኔ ላቡን» ትለኝ ነበር። ጡረታ ወጥተህ፣ ቴሌቪዥን ገዝተህ፣ ከፊት ሆነህ ማየት በጀመርህ ማግሥት ዓይንህ ከዳህ።

ስለዚህ እኔ ነገርሁህ። ለእንቅስቃሴዎቹ ስም ስላልነበረኝ ከንባብ ትምህርት ተዋስሁ፤ በንባብ ላይ ድምፅ የሚነሣበትን ተነሽ፣ የሚወርድበትን ወዳቂ እንደምንል፣ ዳንሰኛዋ በጣቷ ጫፍ ስትቆም «ተነሽ»፣ ስትወርድ «ወዳቂ»፣ ጋደል ስትል ደግሞ «ሰያፍ» እልህ ነበር። መምህሮቼ ቢሰሙኝ ከጉባኤ ባስወጡኝ። አንተ ግን ወዲያው ገባህ፤ ጣቶችህን በጉልበትህ ላይ እያነሣህና እየጣልህ ትከተለኝ ነበር። ምሳሌ ሳበዛ ብቻ «የኔታ፣ ስብከት አላዘዝኩም፤ እግሯ የት ነው?» ትለኛለህ።

በዘንድሮው ትርኢት ልጅህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ትወጣ ነበር፤ በሕፃንነቷ ከገመድህ አጠገብ ስትሾር ስለምትውል እንዝርት ብለን የጠራናት ልጅህ። ዜናውን በሰማህ ጊዜ «የኔታ፣ ጉሮሮዎን ይጠብቁልኝ» ብለኸኝ ነበር። እኔ ጉሮሮዬን ጠበቅሁ፤ አንተ ግን አልቆየህም።

እርሷም ለቀብርህ አልመጣችም። ይህን ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን የሆነውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልንገርህ። ለትርኢቱ የሚደረገው ልምምድ ተጀምሮ ነበር፤ ከሄደች ቦታዋን ሌላ ዳንሰኛ እንደሚይዘው ከምትኖርበት ሩቅ አገር ለእናቷ ደውላ ነገረቻት። ባለቤትህ «ይያዘዋ!» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ በየቀኑ ትደውላለች። ስልኩ በጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ ባለቤትህም ሊወድቅ ሲል ወደ መካከል ትመልሰውና እንደጮኸ ትተወዋለች። ስልኩን አታነሣውም፤ አትዘጋውምም።

ማስታረቅ የእኔ ሥራ እንደነበር ታውቃለህ። ወንድማማቾችን በውርስ፣ ባልና ሚስትን በአማት ነገር አስታርቄያለሁ። በዚህ ቤት ግን ቃል አጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «ልጅ ናት እኮ» ብል፣ ባለቤትህ ከሥራዋ ቀና ብላ «እሱስ አባቷ አልነበረም?» አለችኝ። ብርጭቆዬን አጥቤ ወደ ፎቄ ወጣሁ።

እሑድ ስወርድ ባለቤትህ በመስኮቱ ሥር ባለው የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ሱሪ ታሳጥር ነበር። ጀርባዋ ለቴሌቪዥኑ ነው። «ከፈለጉ ይክፈቱት፤ እኔ ለነገ የማደርሰው ሥራ አለኝ» አለችኝ። ከፈትሁት።

አዳራሹ በሰው ሞልቷል። የአንገት ቢራቢሮ ያሰረ አስተዋዋቂ ስለ ምሽቱ ታላቅነት ብዙ ተናገረ፤ በእኛ ዘንድ ገና ፀሐይ ነበረች፣ በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ እያረፈች ግማሽ ፊቱን ደመሰሰችው። መጀመሪያ የወጡት ወንድና ሴት ነበሩ። ወንዱ ሴቲቱን በወገቧ ይዞ ከራሱ በላይ አነሣት። እኔ ዝም ብዬ አየሁ። ዝም ብዬም ሳይ ምንም እንደማላይ ታወቀኝ፤ እየሄደ ካለ አውቶቡስ ሆኖ የሰው ሰርግ እንደማየት ነው። ዓይኔ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ይሠራ የነበረው አፌ ስለጠየቀው ነው።

ባለቤትህ ሳትዞር «ድምፅ ከፍ አይልም እንዴ?» አለች።

«ከፍ ብሏል እኮ።»

«የቴሌቪዥኑን አይደለም የምለው።»

ትንሽ ዘግይቶ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርሁ። «ተነሽ። አሁንም ተነሽ። ወንዱ እጁን ለቀቀ፤ ብቻዋን ቆመች። ሰያፍ።» መኪናው ጥቂት ይሰፋል፤ ጥቂት ይቆማል። የምናገረው ቃል ትክክል ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም፤ ደስ እንዲለኝም አልጠበቅሁም።

ከዚያ አስተዋዋቂው የእንዝርትን ሙሉ ስም ጠራ። የስፌቱ ድምፅ ጨርሶ ቆመ። ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ተሰልፈው ወጡ፤ አንዲቱም ከሰልፉ ተለይታ ወደ ፊት መጣች።

«ወጣች» አልሁ።

«ይቀጥሉ» አለች ባለቤትህ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ እንዳየች።

«በግራ እግሯ ተነሣች። ቀኙን ወደ ኋላ ዘረጋች።»

«በግራ?»

«በግራ። እጇን ወደ ሕዝቡ አደረገች። ፈገግ አለች።»

«ማን ነው ፈገግ ያለው?»

«ልጅሽ ናታ።»

«እንዝርት ስትጨፍር ስቃ አታውቅም የኔታ። ሕፃን ሆና እንኳ አፏን እንደ ቦርሳ ዘግታ ነው የምትሾረው።» ይህን እያለች ወንበሯን ጎትታ ዞረች፤ ዞራም ቴሌቪዥኑን ጥቂት ተመለከተች። «ኧረ የኔታ!»

«ምነው?»

«ይቺ የሰው ልጅ ናት!»

«ነጭ የለበሱት ሁሉ አንድ ናቸው» ብዬ ተከላከልሁ።

«መነጽርዎ የታለ?»

«ግንባሬ ላይ ነው።»

«እና ግንባርዎ ነው የሚያየው?»

ሣቀች። ከቀብርህ ወዲህ በዚያ ቤት የተሣቀ የመጀመሪያው ሣቅ ነው። እኔም መሣቅ እንደሚገባኝ አውቄ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። መነጽሬን ወደ ዓይኔ ሳወርድ ያቺ ፈገግተኛ ልጅ ወደ ሰልፏ ተመልሳ ነበር፤ ያላወቀችውን ምስጋናና ያላወቀችውን ወቀሳ ተቀብላ። ባለቤትህ ወደ መኪናዋ አልተመለሰችም። የደንበኛውን ሱሪ በጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ ወደ መድረኩ እንዳየች ቀረች። እንግዲህ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ስለዚህ ከዚህ የሚቀጥለውን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

ልጅህ ሙዚቃው ሳይጀመር ወጣች። አልሮጠችም፤ ክፍል ተሻግሮ መስኮት ሊዘጋ እንደሚሄድ ሰው ተራምዳ በመካከል ቆመች። ሙዚቃው ሲጀምር ተነሽ፤ በቀኝ እግሯ፣ እናቷ እንደጠረጠረችው። እጆቿ ቀስ ብለው ተከተሉ። ከዚያ ሰያፍ፣ ከሰያፍ ሳትወርድ እንደገና ተነሽ፤ ይህን ከዚህ በፊት አይቼ አልነገርሁህም፤ ስምም የለኝም። ከዚያ መሾር ጀመረች። ሕዝቡ በመሐሉ አጨበጨበ፤ እርሷ ግን የሰማች አልመሰለችም። ሌሎቹ ሲሾሩ ዓይናቸውን ወደ አዳራሹ ይጥላሉ፤ የእርሷ ዓይን የሚያርፈው ጥቂት ከፊቷ ባለው ወለል ላይ ነበር። አንዲት እርምጃ አልተሳሳተችም፤ ላብዋ እንኳ በልክ ይወርድ ነበር። ካሜራው ቀርቦ ፊቷን ሲያሳየን፣ በፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ኀዘን አይደለም፤ ትዕቢትም አይደለም። ያንን ፊት በየጠዋቱ ስለማጥበው አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ በጣቷ ጫፍ ቆመች። ሙዚቃው አለቀ፤ እርሷ ግን አልወረደችም። መውረድ የሚባል ነገር መኖሩን የረሳች ይመስል ቆየች። ከዚያ ተረከዟ መሬት ነካ። ወዳቂ።

አስተዋዋቂው «እንከን የለሽ!» አለ። ባለቤትህ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ ነበር።

«አጥብበውታል» አለች።

«ምኑን?»

«የቀሚሱን ወገብ። አላዩትም? ከጎኑ ተይዟል። ለመድረኩ ሲሰፋ ልኳ ነበር፤ አሁን ሰፍቷት ነው የያዙት።» ከዚያም «ምን በልታ ነው የቆመችው?» አለች፤ እኔን እንዳልጠየቀች ግልጽ ነው።

ሌሎች ዳንሰኞች ወጡ፤ ሌሎች ገቡ። ሁለታችንም አላየናቸውም። አበባው ተሰጥቶ፣ ስሞች በመስተዋቱ ላይ ሲወርዱ ስልኩ ጮኸ። ባለቤትህ አነሣችው። ሰላምታ አልሰጠችም።

«ማን ነው ቀሚስሽን ያጠበበልሽ? … ስፌቱ ጠማማ ነው። … አይቻለሁ፣ እንዴት አላይም፣ ዓይን አለኝ እኮ! … ነይና አስተካክለዋለሁ።» ከዚያ ከወዲያኛው በኩል የተባለውን ሰምታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ቀሚሱን ላኪው መች አልኩሽ? ቀሚሱ ገደል ይግባ! አንቺ ነይ ነው ያልኩሽ!»

ይህን ብላ አለቀሰች፤ ሱሪውን ፊቷ ላይ አድርጋ። የደንበኛው ሱሪ ሳይታጠብ አይመለስለትም። እያለቀሰችም ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። «እርስዎን ትፈልጋለች።»

ተቀበልሁ። የልጅህ ትንፋሽ ገና አልተመለሰም፤ አንተ ከጎን ሆነህ ትሰማው የነበረውን ትንፋሽ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

«የኔታ፣ አዩኝ?»

«አየሁሽ ልጄ።»

«ለአባዬስ ነገሩት?»

ወንድሜ፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰናዳ መልስ ነበረኝ። ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ የሰው ዓይን እንደማያስፈልጋት፣ የሚነግራትም እንደማትሻ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። መልሱ ቀና ነው፤ እስከ ምላሴም ደርሶ ነበር። ልጅቱ ግን የጠየቀችኝ ትምህርት አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ዋጥሁና፣ «ገና ነኝ» አልኋት።

«እንግዲያው ሳይረሱት ይንገሩት» አለችኝ። «ሁሉንም። መጨረሻ ላይ የቆየሁትንም። መውረድ አቅቶኝ ነው ይበሉልኝ።» ከዚያ የሰማሁት እንደ እናቷ ስታለቅስ ነው። እኔ በመካከላቸው ስልክ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ዓይኔ ደረቅ ነው። ሁለቱ የሚያለቅሱበት ቤት አንድ ደረቅ ሰው ቢኖረው ምንም አይደለም፤ ውኃ የሚያቀርብ ይፈልጋሉና። ለባለቤትህ ውኃ ቀዳሁላት።

ለሄደ ሰው ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ትምህርት አላውቅም፤ ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ ይህን ወረቀት ቢያገኘው፣ ከእኔ የተማረው እንዳያደርገው አደራ እላለሁ። ነገር ግን ልጅህ ጠየቀችኝ፤ «ገና ነኝ» የሚለው ቃልም ከእኔ ጋር ደረጃውን ወጥቶ፣ ከእኔ ጋር ተቀምጦ፣ አልሄድም አለ። እነሆ ነገርሁህ። መውረድ አቅቷት ነው።

ሐሙስ ትመጣለች። የቀረውን የሚነጋገሩት እናትና ልጅ ናቸው። እኔ ደግሞ ስለ አንተ በምጸልየው ላይ፣ ልቤ ባይሰማውም፣ አንድ ልመና ጨምሬያለሁ፤ የሚመጣውን ትርኢት ያለ እኔ ታየው ዘንድ።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤትህ